የአባይ ዳር ባዶ ቦታ ምን ይሁን? ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሰው ቡና ይዞ ስለ ከተማው ካወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ አባይ ዳር ይደርሳል። አንዱ «ሎጅ ይሠራበት» ይላል። ሌላው «ፓርክ ይሁን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለቤት ማኅበር ቢሰጠን ምን አለበት?» ይላል። እዚህ ያሉት በየባጃጁ፣ በየቢሮውና በየቀበሌው ስብሰባ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለ። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

«ባዶ» የሚባለው የትኛው ቦታ ነው?

አባይ ከጣና ከሚወጣበት ከጨረጨራ ጀምሮ፣ ድልድዮቹን አልፎ ከከተማው እስኪወጣ ድረስ በግራና በቀኝ ያለው ዳርቻ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሣርና ደንገል የሞላበት አለ። በቆርቆሮ ታጥሮ በሩ ተቆልፎ የተቀመጠ አለ። ጎመንና ቃሪያ የሚለማበት፣ ጫት የተተከለበት፣ ባጃጅ የሚታጠብበት፣ ልብስ ድንጋይ ላይ የሚሰጣበት አለ። ፎቅ ስለሌለበት ባዶ ይባላል እንጂ ሰው አጥቶ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ቦታ እስካሁን እንዴት ሳይሠራበት ቀረ?

ዋናው ምክንያት ውሃው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸው ይህን ዘለን ስለምንጀምር ነው።

ጣና ዝናቡ እንደዘነበ ወዲያው አይሞላም። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐይቁ ከፍ የሚለው ግን መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ዝቅ የሚለው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.5 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ለጆሮ ትንሽ ነው። ገደላማ ዳርቻ ላይም ትንሽ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ግን 1.5 ሜትር ወደ ላይ የወጣ ውሃ ወደ ጎን ብዙ አሥር ሜትር፣ አንዳንዴም ከመቶ ሜትር በላይ ይሄዳል።

እንግዲህ ቀያሹ ግንቦት ላይ ይመጣል። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የደንገሉ ሥር ከጭቃው ወጥቶ ይታያል። ቀያሹ ችካሉን ይመታል፣ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። መስከረም ላይ ያው ችካል ጫፉ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ ወፍ ያርፍበታል። ቢሮ ያለው ካርታ ግን የግንቦቱ ነው።

የሰው እጅም አለበት። ጨረጨራ ላይ ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በር ነበር የጀመረው። በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወደ አባይ የሚወርደውን ውሃ በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ በሮች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እሱ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ በምዕራብ በኩል፣ በዋሻ ነው። ከተማችን መሃል የሚያልፈው አባይ በዘወትር ቀን የሳሳው በዚህም ምክንያት ነው።

ዳርቻው ሲደርቅ «መሬት ተገኘ» እንላለን። ዝናቡ የጠገበ ዓመት መጥቶ በሮቹ ሲከፈቱ ግን ውሃው የድሮ ቦታውን ይጠይቃል። ጣና በ1995 ዓ.ም. ጀልባ መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ድረስ ወርዶ ነበር። በ1998 ክረምት ደግሞ ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ያየ ሰው በአንድ ደረቅ ግንቦት አይታለልም።

ሎጅና ሆቴል ቢሠራ ምን ችግር አለው? ለልጆቻችን ሥራ አይፈጥርም?

ይፈጥራል። ይህን ጥያቄ አብዝተው የሚያነሱት ልጃቸው ተመርቆ ቤት የተቀመጠባቸው ወላጆች ናቸው። «ውበት አይበላም» ሲሉ አፍ የሚያሲዝ ነገር አላቸው። ሆቴል አስተናጋጅ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጥበቃና አትክልተኛ ይቀጥራል። ዓሣ አጥማጁም ቋሚ ደንበኛ ያገኛል። ሆቴል አይሠራ የሚል ሰው ይህን ሁሉ በምን እንደሚተካው መናገር አለበት።

እኔ ሆቴል አይሠራ አልልም። የምለው ውሃው አፍ ላይ አይቀመጥ ነው።

የሐይቁን ዳር ተመልከቱ። የእግር መንገድ የተተወለት ቦታ አለ፣ ተመስገን ነው። በብዙ ቦታ ግን በእናንተና በሐይቁ መሃል አጥር፣ ግቢና ጥበቃ ቆሟል። ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ጣናን ለማየት ሻይ መግዛት አለበት፣ ያውም በሆቴል ዋጋ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሏል ይሄ ነው። ያንኑ አባይ ዳር ላይ መድገም ምን ይሉታል?

የጊዜውን ርዝመትም አስቡት። በከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ፣ በቁጥር 721/2004፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ እስከ 70 ዓመት ነው። ዛሬ የሚፈርመው ሹምም፣ ዛሬ የሚቃወመው ነዋሪም ያኔ አይኖሩም። ሣር ሆኖ የቆየ ቦታ ነገ ሐሳብ ቢቀየር ይሠራበታል። ኮንክሪት የፈሰሰበት ግን ወደ ሣር የሚመለስበት ቀን የለም። ስለዚህ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል አደጋ የላቸውም፤ ስህተት ቢሆን ሊታረም የሚችለው አንዱ ብቻ ነው።

እኔ የምደግፈው አሰላለፍ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃው። ቀጥሎ ደንገሉና ዛፉ። ቀጥሎ የእግርና የብስክሌት መንገድ። ከዚያ የመኪናው መንገድ። ሆቴሉ ከመንገዱ ባሻገር። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሲያዩት አባይ ያው አባይ ነው፣ እንግዳው የሚያጣው ነገር የለም። ገንዘቡንም ቢሆን ቁጭ ብለን እናስላው። ዳሩ ክፍት ከሆነ ከኋላ ያለው መሬት ሁሉ ዋጋ ያወጣል። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሳይሆን ብዙ ቦታ በጥሩ የሊዝ ዋጋ ያጫርታል። ዳሩን ለአንድ ባለሀብት ከሰጠ ግን ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው የሆቴል ጓሮ፣ ጄኔሬተርና የአንሶላ ማስጫ ገመድ ነው። ለዚያ ማን ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል?

እሺ፣ ሁሉም ፓርክ ይሁን?

ሁሉም አልልም። ፓርክ መመረቅ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሣሩን በበጋ ማን ያጠጣል? የተቃጠለውን አምፖል ማን ይቀይራል? ሽንት ቤቱን ማን ያጸዳል? ሽንት ቤት የሌለው ፓርክ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ሽንት ቤት ይሆናል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ላይ የሸገር ወንዞች ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር። እኛ ያንን ኪስ አናልመውም። ደግሞም አያስፈልገንም። የአዲስ አበባ ወንዞች ከላይ ጀምሮ ቆሻሻ የተሸከሙ ጠባብ ወንዞች ናቸው፤ መጀመሪያ መታጠብ ነበረባቸው። የኛ አባይ ከሐይቅ ሲወጣ ሰፊ ነው። ዳሩ ላይም ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አለ። የሚያስፈልገው የሚያራምድ መንገድ፣ መቀመጫ፣ መብራትና ንጹሕ ሽንት ቤት ነው። ፏፏቴና ባለቀለም መብራት ቢቀርብን አንሞትም። የተፈጥሮው ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ አለልን።

መግቢያ ማስከፈልን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። አይሁን። ሁለት ልጅ ይዛ የመጣች እናት በር ላይ ቆማ ብር የምትቆጥርበት ቦታ የሕዝብ አይባልም። ጥገናው ገንዘብ ይፈልጋል ከተባለ ለቡና ጠጪው ዳስ፣ ለጀልባው፣ ለመኪና ማቆሚያው ኪራይ አስከፍሉ።

ለቤት ማኅበራት ቢሰጥስ?

አይሆንም። የቤት ችግሩ እውነት ነው፣ ማኅበር ተደራጅቶ ቆጥቦ የሚጠብቀው ሰው ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እዚህ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። ክረምት ሲገባ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከታች ይሞላል። የሞላው ጉድጓድ የሚሄደው ወደ ወንዙ ነው። ወባውም አለ፤ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የወባ ከተማ ናት። ማኅበርተኛው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ውሃ የሚገባበት ምድር ቤት ላይ ቢያፈስ የሚጠቀመው ደላላው ብቻ ነው።

የአትክልቱና የጫቱ እርሻ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ይህ ብዙ የሚያስማማ መልስ የለውም። ጎመኑ፣ ሰላጣውና ቃሪያው ከተማውን ይመግባል። አልሚዎቹም አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። በሌላ በኩል ፓምፕ ተክሎ ጫት ማጠጣት፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ እየረጩ ውሃው ጠርዝ ድረስ መቆፈር ለወንዙ ጥሩ አይደለም። እኔ ብሆን አትክልቱን ከውሃው ራቅ አድርጌ አቆየዋለሁ፣ ከጠርዙ ያለውን ግን ለደንገል እመልሳለሁ። ጫቱ ላይ ቤታችንም አንስማማም፣ ይለፈኝ።

ደንገል ምን ይጠቅማል? ተቆርጦ ቢጸዳ አያምርም?

ለዓይን ሊያምር ይችላል። ደንገል ግን የሚሠራው ሥራ አለ። ከከተማው የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ውሃው ውስጥ የሚገባውን የማዳበሪያና የፍሳሽ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ዳሩን ከመሸርሸር ያድናል፣ ዓሣና ወፍ ይራባበታል። እምቦጭ ጣና ላይ የሚፋፋው ውሃው በዚሁ ንጥረ ነገር ሲጠግብ ነው። ደንገሉን መንጥሮ ሲሚንቶ ማልበስና በኋላ እምቦጭ ለመንቀል ዘመቻ መጥራት፣ ሁለቱን በአንድ ከተማ ማየት ያስቃል።

እዚያ የሚኖሩ ሰዎች አሉ? እነሱስ ምን ይሆናሉ?

አሉ። ከሁሉም በፊት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አለ። ባሕር ዳር ከተማ ሳትሆን በፊት በጣናና በአባይ ዳር የኖሩ ናቸው። ድሮ ጉማሬ አድነው፣ አሁን ዓሣ አጥምደው፣ ከደንገል ታንኳና የተለያየ ዕቃ ሠርተው፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠርበው ይኖራሉ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ተነሱ የሚባሉትም እነሱ ናቸው።

ታንኳውን በቅርብ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየታሰረ በእጅ ይሠራል። ሚስማር የለበትም። ውሃ ላይ ሲውል ግን እየጠጣ ይከብዳል፤ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያ ሌላ መሥራት ግድ ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ቅርብ የሚቆረጥ ደንገል፣ ማድረቂያ ሜዳና ውሃው ድረስ የሚያስገባ ክፍት መንገድ። ዳሩን ስታጥሩ ሦስቱንም በአንድ ቀን ወሰዳችሁ። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለታንኳም ማራገፊያ ይፈልጋል።

አንዳንድ ዲዛይን ላይ ታንኳ ተሠርቶ ሣር ላይ ለፎቶ ተቀምጦ ይታያል። ታንኳውን አስቀርተን ሠሪውን ማስነሳት ነውር ነው። እኔ ቢጠይቁኝ በየዳርቻው ለታንኳ ማውጫና ማድረቂያ የሚሆን ቦታ በፕላኑ ላይ በስም ተጽፎ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በስም ካልተጻፈ «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ ይዋጣል።

ጉማሬውንስ?

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ፍለጋ ይወጣል። የሚወጣበት መንገዱም ያው የለመደው ነው። መንገዱ ላይ ካፌ ብታቆሙ ካፌው ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጨለማና ሣር ያለው ቦታ መተው የሁላችንም ደህንነት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃና መብራት እዚያ አይሁን። ለእንግዳ ጉማሬ ከጀልባ ላይ ማየት ራሱ ገቢ ነው፣ በነገራችን ላይ።

መሬቱ የማን ነው? ማን ነው የሚወስነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም። ከተማው የሚሰጠው በሊዝ ነው። በሊዝ አዋጁ መሬት የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው፤ በጨረታ ወይም በምደባ። ጨረታ ሲሆን ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሰው ይወዳደራል፣ ዋጋው ይታወቃል። ምደባ ለመንግሥት ቢሮ፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለእምነት ተቋምና ለመሰሉት ነው። «ልዩ ሀገራዊ ፋይዳ ያለው» የተባለ ፕሮጀክትም በካቢኔ ተወስኖ በምደባ ሊያገኝ ይችላል። ይህችን ሐረግ ያዟት። አንድ ሎጅ ያለ ጨረታ አባይ ዳር ቦታ አገኘ ሲባል ከስሩ አብዛኛውን ጊዜ እሷን ታገኟታላችሁ።

ከሊዙ በፊት ፕላን አለ። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበት ይጠይቃል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ ቁጥር 299/1995፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይገመገም እንዳይጀመር ይከለክላል፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተት ያዛል። ሕጉ ሳይሆን የጎደለው ጠያቂው ነው ባይ ነኝ።

ቦታ ወስዶ አጥሮ የተቀመጠስ?

ሊዝ የወሰደ ሰው በውሉ ጊዜ ውስጥ ግንባታ መጀመር አለበት፣ ካልጀመረ ቦታው የሚመለስበት አሠራር አዋጁ ውስጥ አለ። አዲስ መሬት ከመቁረስ በፊት የታጠረውን ማስመለስ ይቀድማል። ቆርቆሮውን ዝገት እየበላው ስንት ክረምት እንደሚያልፍ እናያለን።

ተነሺዎች ካሳ ያገኛሉ?

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚነሳ ባለይዞታ ለንብረቱ ካሳ፣ እንደ ሁኔታውም ምትክ ቦታና ድጋፍ አለው። አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ አሁን የሚሠራበትን አንብቡ። ትልቁ ቀዳዳ ግን ሌላ ቦታ ነው። ካሳ የሚሰላው ለባለ ካርታ ነው። ልብስ አጣቢዋ፣ ባጃጅ አጣቢው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ታንኳ ሠሪው ካርታ የላቸውም። እንጀራቸው ግን እዚያው ነው። ለእነሱ በፕላኑ ውስጥ ሱቅና መሥሪያ ቦታ ካልታሰበ አዋጁ ብቻውን አያድናቸውም።

ዩኔስኮ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ስፍራ በሦስት ይከፈላል፤ ፈጽሞ የሚጠበቅ፣ ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ እና ሰው ኖሮበት በጥንቃቄ የሚለማ። ምዝገባው ግንባታ አይከለክልም። ዩኔስኮም መጥቶ ቡልዶዘር አያስቆምም። ፕሮጀክቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

አዲሱ ድልድይ ምን ለወጠ?

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ድሮ በጠባቡ ድልድይ ለማለፍ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው ዋጋውን የሚያውቀው። አባይ ማዶ የዳር ሰፈር መሆኗ ቀርቶ የከተማው እኩሌታ ልትሆን ነው። በአባቶቻችን ዘመን ድልድዩን መሻገር ከጎጃም ወደ በጌምድር መሻገር ነበር፤ ዛሬ በባጃጅ ሄደህ ዳቦ ገዝተህ ትመለሳለህ።

ለኛ ጉዳይ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሁለቱም በኩል የመሬት ፍላጎት ይጨምራል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ዳሩን ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ የሚቻለው አሁን ነው። ዋጋው ሰማይ ከነካ በኋላ «ለእግረኛ እንተወው» የሚል ሹም አይገኝም።

የኮሪደር ልማቱ ይህን ሁሉ አይፈታውም?

በከፊል። የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ማምጣቱ መልካም ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ሜዳ ስለሆነች ለፔዳል የተፈጠረች ናት። የኔ ስጋት ፍጥነቱ ነው። የመንገድ ዳርና የወንዝ ዳር አንድ አይደሉም። መንገድ ዳር የተነጠፈ ድንጋይ ውሃ ካጎደፈው ይታጠባል። ወንዝ ዳር ግን መሬቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩን ያነሳዋል። አንድ ክረምት ሳያዩ መሥራት ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። የቆዩ ዛፎችን ቆርጦ ችግኝ መትከልንም ማንም ሰው እንደ ልማት ሊያስረዳኝ አልቻለም። ከተማዋ ዘንባባዋና ሰፋፊ ጎዳናዋ የመጣላት በንጉሡ ጊዜ ረጋ ተብሎ ስለታቀደች ነው።

ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበት ምንድን ነው?

ፍሳሹ። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ። አብዛኛው ቤትና ሆቴል ቆሻሻ ውሃውን በጉድጓድ ነው የሚይዘው። የሞላው፣ የሾለከውና በጨለማ የተለቀቀው መጨረሻው ሐይቁና ወንዙ ነው። የሚሸት ወንዝ ዳር ላይ እብነ በረድ ማንጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎቹን ተከትላችሁ ወንዙ ጋ ድረስ ሂዱ፤ በበጋም ውሃ የሚወርድባቸው ካሉ ያ የዝናብ ውሃ አይደለም።

ጢስ አባይ ለምን በዚህ ክርክር ይነሳል?

በዚሁ ወንዝ ላይ አንድ ጥቅም ሌላውን እንዴት እንደሚበላው ስላሳየን ነው። መጀመሪያ በ1956 ዓ.ም. የተሠራው ጣቢያ 11.4 ሜጋዋት ብቻ ስለነበር ፏፏቴው ብዙም አልተጎዳም። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ጣቢያ በ73 ሜጋዋት አቅም ሲመጣ ውሃው ወደ ተርባይኑ ዞረ። ጢሱ ሳሳ። እንግዳ ቀነሰ። አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ መንገድ ላይ ዱላና ስካርፍ የምትሸጠው ልጅ ተጎዱ። መብራት አያስፈልግም ነበር አልልም፣ ያስፈልግ ነበር። ግን ሲወሰን እነዚያ ሰዎች ሂሳቡ ውስጥ ገብተው ነበር? ዛሬ ሎጅና ፓርክ ሲባልም የምጠይቀው ያንኑ ነው።

ሀገር እንዲህ ተቸግሮ ስለ ወንዝ ዳር ማውራት ቅንጦት አይደለም?

ሰላሙ ይቅደም፣ ምንም ክርክር የለውም። መሬት ግን ሰላም እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሰው ዓይኑ ሌላ ላይ ባለበት ጊዜ ነው በጸጥታ የሚተላለፈው።

ስብሰባ ብጠራ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ስብሰባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ረጅም ንግግር አለ፣ ቀጥሎ የሚያምር ሥዕል በፕሮጀክተር ይታያል። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፣ ዛፉ ሁሉ ያደገ ነው፣ ፈረንጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ደንግጣችሁ አታጨብጭቡ።

መጀመሪያ የመስከረሙን ውሃ ልክ ካርታው ላይ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከፍተኛው ውሃ የደረሰበት መስመር ካልተሰመረ ቀሪው ሁሉ ተረት ነው። ከዚያ መሬቱ በጨረታ ነው ወይስ በምደባ በሉ። ከድልድይ እስከ ድልድይ ያለ አጥር በእግር መሄድ ይቻላል ወይ በሉ። ፍሳሹ የት ይገባል? ታንኳ የት ያርፋል? በዓመት ለጥገና ስንት ተበጅቷል፣ ከየትኛው በጀት? ሴቶች ማታ እዚያ ሲያልፉ መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ሽማግሌዎቹን አስቀድሙ። ለክብር ብቻ አይደለም። በየትኛው ክረምት ውሃው የት ድረስ እንደመጣ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ታንኳ ታስሮ እንደነበር በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «አባባ፣ በደርግ ጊዜ እዚህ ውሃ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መሐንዲሱም ጆሮውን ያቆማል።

ተናግሬ ባይሰሙኝስ?

በቃል የተነገረ ከአዳራሹ አይወጣም። አንድ ገጽ ጻፉ። አጭር ይሁን፣ ስድብ አይግባበት። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ፈርሙ። ስብሰባው ላይ የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤ ውስጥ መግባቱን በስማችሁ አረጋግጡ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። «ነገ ይመለሱ» ካሉም ነገ ተመለሱ። ያለ ገቢ ቁጥር ግን ከዚያ ቢሮ አትውጡ።